የእትዬ ዚፕ አስተያየት

ሕንፃችን ሊፍት የለውም፣ ጥበቃ የለውም፣ የበር ደወሉም ከተበላሸ ቆየ። ያለችው እትዬ ዚፕ ናት።

በዋናው በር ገብታችሁ ወደ ደረጃው ስትዞሩ፣ ከደረጃው ሥር፣ ጣሪያው እንደተንጋደደ ባርኔጣ ወደ አንድ ጎን ባዘነበለበት ጥግ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ የአዝራር ቆርቆሮ ታገኛላችሁ። ከነዚህ ሁሉ መሃል መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ እሷ ቁጭ ብላለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ግን አልዘጋም ያለ ዚፕ እጇ ሲገባ እንደ ገራም ልጅ እሺ ስለሚላት፣ ከጊዜ በኋላ ዚፑ ስሟን በልቶት ቀረ። ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ ልጇ አግብታ ሌላ ከተማ ናት። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ «እዚያ እተኛለሁ እንጂ የምኖረውስ እዚህ ነው» ትላለች።

የሕንፃው ቀልደኞች «የሰውን ዚፕ ሁሉ ትዘጋለች፤ የራሷ አፍ ላይ ግን መግጠም ረስታለች» ይሏታል። እሷም መልስ አታስቀርባቸውም፤ «ተገጥሞልኝ ነበር፤ እናንተን ሳይ ጥርሱ ረገፈ!»

እውነቱን ለመናገር እትዬ ዚፕ አስተያየት የሌላት ነገር የለም። ስለ ቆሻሻ አላት፤ «ሰውን ለማወቅ ፊቱን አትዪ፤ የቆሻሻ ፌስታሉን አቋጠር እዪ። ሁለቴ የሚቋጥር ምሥጢር ይጠብቃል። ጨርሶ የማይቋጥር ግን…» ብላ ወደ ጣሪያው ቀና ትላለች። ከጣሪያው በላይ ማን እንደሚኖር ሁላችንም ስለምናውቅ ሳቃችንን እንውጣለን። ልብስ ስለ ማስጣት አላት፤ «ውኃው ያልተጨመቀ ልብስ የሚያሰጣ ሰው መጀመሪያ ቁልቁል ይይ፤ ከታች የሰው ጭንቅላት ነው ያለው እንጂ ጎመን አልተተከለም!» በደረጃ ላይ ስልካቸውን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ለሚያወሩ ደግሞ አስተያየት ብቻ ሳይሆን መልስም አላት። አንድ ቀን ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ከእህቷ ጋር በስልክ እየተጨቃጨቀች ስትወርድ፣ ከሥር «እህትሽ ልክ ናት!» የሚል ድምፅ መጣ። እህትየዋ በስልኩ ውስጥ «ማን ነች እሷ? ስልኩን ስጫት!» አለች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዚፕና እህትየዋ ወዳጆች ናቸው።

እኔም አልዳንኩም። ባለቤቴ ወንበር ሲጎትት ሰምታ «ወንበር እግር የተሰጠው ሊቆምበት ነው፤ ከብት አይደለም የሚነዳው» አለችው። ባለቤቴ ተኮሳተረ፣ ቤት ገባ፣ አሮጌ ካልሲዎቹን ቆረጠ። ይኸው እስከ ዛሬ የቤታችን ወንበሮች ካልሲ ለብሰው ነው የሚውሉት።

ከሁሉም በላይ ግን የደረጃ ሕግ የምትለው አላት። «የሚወጣ ሰው ሰላምታ አይጠየቅም። ትንፋሹ የደረጃው ነው። የሚወርድ ነው ሰላም ማለት ያለበት፤ የሚወጣን በዓይን ሸኝቶ ዝም ነው!» ሕጓን ራሷ ታከብራለች። እኔ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ስወጣ ቀና ትላለች፣ በመነጽሯ አናት ታየኛለች፣ ቅንድቧን ከፍ፣ አገጯን ዝቅ ታደርጋለች። ያቺ አንዲት እይታ «በርቺ፣ ትደርሻለሽ፣ ግን ይህን ሁሉ ድንች ምን ልታደርጊው ነው?» የምትል ናት። ሁሉም በውስጧ አለ።

ይህን ሕግ በጣም የሚያስፈልገው ሰው አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ሰዓትም አክባሪ ነውና ሁላችንም ጋሼ ሰዓት እንለዋለን። ሚስት የለው፣ ወሬ የለው። የመጀመሪያ ብስክሌቱን ከግቢ ስለሰረቁት ሁለተኛዋን በትከሻው ተሸክሞ በየቀኑ አራት ፎቅ ይወጣል። እዚህ በኖረበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእትዬ ዚፕ ጋር የተነጋገረው አንዴ ነው፤ ጃኬቱን ይዞ መጥቶ «ዚፑን ቢያዩልኝ» አላት። አየችለት። በቃ። ከዚያ ወዲያ እሱ ከነብስክሌቱ እያለከለከ ይወጣል፣ እሷ በዓይኗ ትሸኘዋለች።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው አንደኛ ፎቅ ካለው የጥርስ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ቦርጩን ለመቀነስ ብስክሌት ገዛ፤ ቦርጩ ሳይቀንስ ብስክሌቱን ማቆሚያ አጣ። ከዚያ ባለ ብስክሌቶችንና ባለ ሕፃን ጋሪዎችን አስፈርሞ ለነዋሪዎች ኮሚቴ ደብዳቤ አስገባ፤ ከደረጃው ሥር ያለው ቦታ የብስክሌትና የጋሪ ማቆሚያ ይሁን የሚል። ጨዋ ሰው ስለሆነ ራሱ መጥቶ ነገራት።

«እትዬ፣ በጠላትነት እንዳታዪው። የቦታ ጉዳይ ነው። ምንም አይሰማሽም።»

«ጥርስ ስትነቅልም እንደዚሁ ነው የምትለው» አለችው።

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ሁሉም ሲበተን ግን ክሩን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ስትከት ሦስት ጊዜ ሳተችው፤ ስትስት አይቼ አላውቅም።

«ወደ ቤት አውጥተሽ ብትሰፊስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሦስተኛ ፎቅ?» አለች። «ከመስኮቴ የሚታየው የውኃ ታንከሩ ነው። እስቲ ለታንከር ስለ ምኑ ላውራለት?»

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሊቀመንበራችን፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ «እያንዳንዱ በር አስተያየቱን ይጻፍ፣ ብዙ የሆነው ያሸንፋል፣ እኩል ከወጣ እኔ እወስናለሁ» አሉ። ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጃቸው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ሲገዙ አይቻቸዋለሁ። ማስታወቂያውን ግን በደማቅ ሰማያዊ ቀለም፣ በምችለው ሁሉ አሳምሬ ጽፌ ዋናው በር ላይ ለጠፍኩ፤

«ስለ ልብስ ሰፊዋ አስተያየት በወረቀት ጽፈው እስከ እሑድ በሣጥኑ ይክተቱ።»

አጭር! ግልጽ! ሁለቴ ወርጄ አነበብኩት፤ እንዲያው ደስ ስላለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ሁሉም ወንበሩን ይዞ መጣ፤ የእኛ ወንበሮች በነካልሲያቸው። ከሃያ ሁለት በር የእትዬ ዚፕ በር ባለጉዳይ ነው ተብሎ ቀረና ሃያ አንድ ወረቀት ሆነ። በሣጥንነት ያገለገለውን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ።

«ትቆይ።»

«ትነሳ፤ ጋሪያችንን ዝናብ መታው።»

«ትቆይ፤ ነገር ግን ስለ ባለቤቴ አረማመድ መናገሯን ታቁም።»

እትዬ ዚፕ ከበርጩማዋ ላይ «አረማመዱን ያስተካክል፣ እኔም አቆማለሁ!» አለች። ሊቀመንበሩ በእስክሪብቶ ቆርቆሮውን መቱ፤ ጸጥታ ሆነ።

አሥር ትቆይ። አሥር ትነሳ። አንድ ወረቀት ቀረ። አወጣኋት። ወረቀቷ አራት ጊዜ ታጥፋለች፤ ፊደሏ የጉንዳን ሰልፍ ናት። አነበብኩ፤

«ጠዋትና ማታ አስተያየቷ ደስ ይለኛል።»

ገለበጥኩት። ከጀርባው ምንም የለም።

«ከዚያስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አለቀ።»

«ትቆይ አይልም? ትነሳ አይልም?»

«አስተያየቷ ደስ ይለኛል ነው የሚለው።»

ሊቀመንበሩ ክፍል ውስጥ ያሉ ያህል ተነሱ። «እንግዲህ አስተያየት ማለት ሐሳብ ማለት ነው። ሐሳቧን ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅም ሆነ ከጣሪያ ላይ ብትሰነዝረው ድምጿ ይደርሰናል፤ በዚህ ማንም አይጠራጠርም። ስለዚህ ይህ ወረቀት ስለ ቦታው ምንም አላለም። ውድቅ ነው። እኩል ለእኩል ስለሆነ…»

«አንዴ ይቆዩኝ ጋሼ ሊቀመንበር» አለች እትዬ ዚፕ።

መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች፣ ወደ ታች መለሰች። አንድ መስመር ነው፤ እሷ ግን መጽሐፍ የምታነብ ይመስል ቆየች። ነርሷ ተደናግጣ «ውኃ ላምጣልሽ?» አለቻት።

እትዬ ዚፕ ቀና አለች።

«ይኼ አስተያየት» አለች፣ «የአፍ ነው የዓይን?»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ ለነርሷ ገባትና «ኧረ በስማም!» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ ለባለቤቴ ገባው። ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። እኔም ገባኝና ካልሲ የለበሰው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ።

«የጻፈው ሰው ይነሳና ይንገረን!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ራሳቸው ሳቃቸውን በመሐረብ እየሸፈኑ። «ነገሩ ሕጋዊ ፋይዳ አለው!»

ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ጋሼ ሰዓት ቆመ። ጆሮዎቹ ቀይ ናቸው።

«የዓይን» አለ።

ግቢው ፈነዳ። ሰዓት ጠጋኙ ጫጫታው እስኪበርድ ቆሞ ጠበቀ፤ ትዕግሥት ሙያው ነው።

«አራት ፎቅ ነው» ሲል ቀጠለ። «ብስክሌቷ አሥራ አራት ኪሎ ናት። ከታች ቀና ብለው ሲያዩኝ… እወጣዋለሁ። ሌላ ምንም የለውም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ባለ ብስክሌት ነዎት!» ብሎ ጮኸ የጥርስ ሐኪሙ። «ቦታው ቢለቀቅ መሸከሙም ይቀርልዎታል! ደግሞ ወደ አራተኛ ሲወጡ በሯን ያልፋሉ፤ እዚያ ከፍታ ትይዎት!»

«ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ዓይኔ ላብ ብቻ ነው» አለ ጋሼ ሰዓት። «ምንም አላይም።»

«ታዲያ ለምን ትቆይ ብለው አልጻፉም?» አልኩ እኔ። መጠየቄ ነው ጥፋቴ።

ወደ በሩ ጠቆመ። «ማስታወቂያው ‹ስለ ልብስ ሰፊዋ አስተያየት በወረቀት ጽፈው› ይላል። እኔም ስለ ልብስ ሰፊዋ አስተያየት ጻፍኩ።»

ሃያ አንድ በር ሙሉ ሰው ዞሮ ማስታወቂያዬን አነበበ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ምን ልበላችሁ፣ ልክ ነው! ያ በሰማያዊ ቀለም ያሳመርኩት ዓረፍተ ነገር በሁለቱም በኩል ይነበባል፤ እኔ ስለሷ ሐሳብ ስጡ ማለቴ ነበር፣ እሱ ግን ስለ አስተያየቷ ጻፉ በሚለው በሌላኛው በር ገብቶበታል። አፈርኩ፤ ግን እንዲህ የሚያስደስት እፍረት ደርሶብኝ አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የዓይን ከሆነ ጉዳዩ ይለወጣል። ድምፅ ፎቅ ይወርዳል፤ እይታ ግን ግድግዳ አይበሳም። ይህ አስተያየት ከቦታው ውጭ አይገኝም። ስለዚህ ወረቀቱ ትቆይ ከሚሉት ጋር ይደመራል። አሥራ አንድ ለአሥር። ትቆይ!»

ጭብጨባውን ብታዩት! የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር አጨበጨበ። እትዬ ዚፕ ብቻ ወረቀቷን መልሳ አራት ቦታ አጥፋ የአዝራር ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተችና «በአደባባይ እርስዎ፣ በወረቀት ላይ ‹አስተያየቷ›!» እያለች ወደ ውስጥ ገባች። ስለ ሌላ ነገር ምንም አስተያየት አልሰጠችም።

በማግስቱ ወደ ማታ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ደነገጥኩ። የስፌት መኪናው ከቦታው ተንቀሳቅሷል። አንድ ክንድ ያህል ወደ ግድግዳው ተጠግቷል፤ በርጩማው ተከትሎታል፤ ጎኑ ላይ ቀጭን ባዶ ቦታ ተገኝቷል። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አሳርፌ የጫማዬን ማሰሪያ ማሰር ጀመርኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ጋሼ ሰዓት ብስክሌቱን እየገፋ ገባ፣ ትከሻውን አዘጋጀ፣ ጎንበስ አለ።

«እዚህ ያቁሙት» አለች እትዬ ዚፕ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል።

አቆመው። ልክክ አለ፤ ስትለካ እንደዋለች ያስታውቃል። ትከሻው ባዶ ሆነና በእጆቹ የሚያደርገው ጠፋው። ትንፋሹ ግን ሙሉ ነበር።

«እንደምን ዋልሽ?» አለ።

«ዋልሽ?» መነጽሯን አወረደች። «ትናንት እርስዎ ነበርኩ እኮ!»

«ትናንት ስብሰባ ላይ ነበርን።»

ይህን ሲል የጥርስ ሐኪሙ ብስክሌቱን ይዞ ከኋላ ደረሰ። አየና ቆመ።

«እትዬ! ይሄ ምንድን ነው? ቦታ ካለ ለሁላችንም ነው እንጂ!»

«የአንድ ብስክሌት ቦታ ብቻ ነው ያለው።»

«እሱ ከእኛ በምን ተሻለ?»

«እሱ አስተያየት ነው የሰጠው» አለች እትዬ ዚፕ። «እናንተ ድምፅ ነው የሰጣችሁት።»

ሐኪሙ እየሳቀ ብስክሌቱን ተሸከመ። እሷ ቀና አለች፤ ያቺን እይታ ለሱም ሰጠችው፣ ቅንድብ ከፍ፣ አገጭ ዝቅ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወጣላችሁ። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

«አንቺ ደግሞ» አለች፣ «የሌለ ማሰሪያ ማሰሩን ተይውና ውጪ። የሚወጣ ሰው ይውጣ!»

ወጣሁ። ከሥር ጋሼ ሰዓት የሆነ ነገር ተናገረ፣ እትዬ ዚፕም ሳቀች። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማኝ።