ጭፈራ የታዘዘ ዕለት

ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከቤቴ ደጃፍ ሰሊጥ እያበጠርሁ ከጦሩ ካምፕ በኩል ሳክስፎን ሲነፋ ሰማሁና እጄ ቆመ።

አባቴ በጦሩ የጭፈራ ባንድ ሳክስፎን ነፊ ነበር። መተማ ሳለን፣ በሰባት ዓመቴ፣ አንድ ቀን ከሰዓት የሳክስፎኑን የሸምበቆ ምላስ በምራቁ ሲያርስ አገኘሁት።

«አባባ፣ ጭፈራ አለ?» አልሁት፤ ደስ ብሎኝ።

እናቴን እያየ «ወታደር ጨፍር ከተባለ ነገ ዘመቻ ነው» አለ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ አልገባኝም። ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ትከሻው ላይ አውጥቶ ሲያስጨፍረኝ አመሸ። ሲነጋ ዘመተ፤ በዚያው ቀረ።

አሁን ልጄ በረንዳው ላይ የወታደር ጫማውን እየወለወለ ነው።

«እማዬ፣ ማታ ካምፕ ጭፈራ አለን» አለኝ፤ ደስ ብሎት።