እትብቱ መምታት እስኪያቆም

ጁባ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶክተር ሙሉጌታ ያስረከቡኝ መቀስ፣ ስድስት የእትብት መቆንጠጫ፣ ሚዛንና አንድ የበረዶ ሣጥን ነበር። «ሲስተር ዘነበች፣ ከሁሉም ይህን ጠብቂ» አሉኝ ሣጥኑን እያሳዩ። ውስጡ የወለደች ሴት ደም ሲፈሳት የምንወጋው መድኃኒት ነበር። ሙቀት ያበላሸዋል። ክሊኒካችን ያለችበት የሃይ ማላካል ሰፈር ሙቀት ደግሞ እንኳን መድኃኒት፣ ሰውም ያበላሻል።

የደቡብ ሱዳን ጦርነት ቆሞ፣ ሰላሙ ተፈርሞ ከተማዋ በተመላሾች የሞላችበት ጊዜ ነው። ክሊኒካችን ሦስት አልጋ ነበራት፤ ፍሪጅ ግን አልነበራትም። በረዶ የምናመጣው ቶንፒንግ ሰፈር ካለ የአበሾች ሆቴል በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት ነበር። የእነሱ ጀነሬተር ሲታመም እኛም አብረን እንታመማለን።

በሁለተኛው ዓመት ከውጭ አገር የእትብት ደም ባንክ አንድ ሰው መጣ። እናቶች ከወሊድ በኋላ የሚጣለውን ደም በነፃ ይሰጣሉ፤ ባንኩ አቀዝቅዞ ያስቀምጠዋል፤ የደም ካንሰር የያዘው የማንም ልጅ፣ ደሙ ከተስማማው ይታከምበታል። «ከእናንተ አካባቢ የተሰበሰበ ስለሌለ፣ የእናንተ ሰው ሲታመም የሚስማማው አያገኝም» አለን። ሐሳቡን ወደድኩት፤ ዛሬም እወደዋለሁ።

ችግሩ ሂሳቡ ላይ ነበር። ትንሹን የደም ከረጢት መመርመርና ማቀዝቀዝ የትልቁን ያህል ያስወጣል። ሐኪም ቤቶች የሚከፍሉት ለወሰዱት ብቻ ነው፤ የሚወስዱትም ከባድ ከባዱን ነው። ሌላው ኤሌክትሪክ እየበላ ይተኛል። ስለዚህ ቀላል ከረጢት ይጣላል። «ከባድ ከባዱን ካቀረባችሁ በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅ እንተክልላችኋለን» አለ ሰውየው። ዶክተር እኔን አዩኝ። እኔ ሣጥኑን አየሁ።

ከረጢት የሚከብደው ልጁ እንደወጣ እትብቱ ቶሎ ሲቆነጠጥ ነው። ትምህርት ቤትም ቶሎ ቁረጡ ብለው ስላስተማሩን አልከበደኝም። በእጅ ፍጥነት አልታማም። የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች የተባለውን ክብደት አለፉ። ዶክተርም ፍሪጁ የሚቆምበትን ጥግ በገዛ እጃቸው ጠረጉ።

ከዚያ ኪደን ልትወልድ መጣች። አክስቷ ዘንድ አዲስ አበባ ያደገች ተመላሽ ናት። እናቷ ማማ ፖኒ ግን «ጁባ ና ባሪ» ከሚባለው ሰፈር ወጥተው አያውቁም፤ የሰፈሩን ልጅ ሲያዋልዱ የኖሩ ሴት ናቸው።

ልጁ ወጣ። ትንሽ ነው፣ ገርጣ ብሏል። መቆንጠጫውን ሳነሳ ማማ ፖኒ እጄን ያዙኝ። «ሽዌያ ሽዌያ» አሉ በጁባ ዐረብኛ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ጣቴን ወስደው እትብቱ ላይ አኖሩት። ይመታል።

«ምን እያሉ ነው?» አልኳት ኪደንን።

«ደሙ ገና ወደ ልጁ እየገባ ነው፣ ለማን ብላ ነው የምትቸኩለው እያለች ነው።»

«ደሙን ልትሰጪ ፈርመሽልኛል እኮ።»

«እኔ ፈርሜያለሁ። እሷ አልፈረመችም።»

አፈርኩ። ስንት ልጅ አዋልጄ፣ እትብት በጣቴ ዳብሼ ምቱን ጠብቄ አላውቅም ነበር። ጠበቅሁ። ልጁ ቀላ፣ አለቀሰ፣ እግሩን ሰበሰበ። እትብቱ ነጥቶ ሲዝል ቆረጥኩ። ከእንግዴ ልጁ የተረፈችውን ደም ከረጢቱ ውስጥ አደረግሁና መዘንኳት። የሚዛኑ መርፌ ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም።

«ከእንግዲህ እየጠበቅሁ ነው የምቆርጠው» አልኳቸው ዶክተርን።

«ፍሪጁስ?»

«እሱም ይጠብቅ።»

ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የመድኃኒቱ ነገር እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። የባንኩ ሰው ሲመለስ ቀላል ቀላሎቹን ከረጢቶች መዘነ፤ ምክንያቱን ነገርኩት። «ላንቺ ልክ ነው። ባንኩ ግን በዚህ ክብደት አይቆምም» አለ። ሳንቀያየም ተለያየን። ፍሪጁ ቀረ።

አንድ ቀን ዶክተር ማዋለጃ ክፍል ገብተው ራሳቸው ጣታቸውን እትብት ላይ አኖሩ። ምቱ እስኪያቆም አላነሱትም። በማግስቱ በጠረጉት ጥግ ወንበር አስቀመጡ፤ የወላዷ እናት እንድትቀመጥበት ብለው። ኪደን ሁለተኛዋን ስትወልድ ማማ ፖኒ እዚያ ተቀምጠው እጄን ሲጠብቁ ነበር። መቆንጠጫውን ያነሳሁት አንገታቸውን ሲነቀንቁልኝ ነው።

ከጁባ እስክወጣ ድረስ በረዶው በቦዳቦዳ ይመጣ ነበር። የእትብት ደም መጀመሪያ የልጁ ነው። ለሌላ የሚሰጠው ከእሱ የተረፈው ነው።