የአባቴ መዝሙሮችና ያረጀው ማሽን

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ቅዱሳን። ብዙ ጊዜ የምታዩኝ ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነው። ዛሬ ግን ማይኩን ማስተካከል ትቼ ልናገርበት መጣሁ። ጌታ ያደረገልኝን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አባቴን ታውቁታላችሁ። ከጂንካ እስከ አርቦሬ ወንጌል ሲያገለግል የኖረ ሰው ነው። በአሪኛም፣ በአማርኛም፣ በአርቦሬዎች ቋንቋም ይዘምር ነበር። ጉሮሮውን ከታመመ በኋላ ሐኪሙ፣ "ሕይወቱ ተርፏል፤ ድምፁ ግን አይመለስም" አለን። የቀረልን ድምፁ እቤት ባለው የፋይል ማስቀመጫ ማሽን ላይ ያለው ብቻ ነበር። ከካሴት የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ካሴቶቹ ከተበላሹ ቆይተዋል። ማሽኑ ሁለት ዲስክ አለው፤ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል።

ወገኖቼ፣ አማኝ ቤት መወለድ ብቻውን አማኝ አያደርግም። ለአባቴ ኬብል እሸከም ነበር እንጂ ጌታን አላውቀውም ነበር። "ሁለት ቅጂ ካለ ምን ይጠፋል?" እል ነበር። እምነቴ ያ ነበር።

አባቴ ድምፁ ሳይሄድ፣ ቅዳሜ ገበያ የመጣውን ሰው ሁሉ እቤት እየጠራ፣ "በል፣ የስልኩን ሚሞሪ በመዝሙር ሙላለት" ይለኝ ነበር።

"ቤታችን ሙዚቃ ቤት ሆነ እኮ! ቢያንስ እናስከፍል" ስለው፣

"እኔንስ ማን አስከፈለኝ?" ብሎ ይስቃል።

አምና አንዱ ዲስክ ሞተ። ሁለተኛውም ከእሱ ጋር የተገዛ፣ እኩል ያረጀ ነው፤ ሲሠራ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ችግሩ ይህ ነበር፤ ወደ አዲስ ማሽን ለመገልበጥ የደከመው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለበት፤ ያ ራሱ ሊገድለው ይችላል። ብተወው ደግሞ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ አይነሳም። መወሰን አቃተኝ። አጥፍቼ በጨርቅ ሸፈንኩት።

እህቴ አልማዝ ጨርቁን አይታ፣ "አንተ፣ የአባታችንን ድምፅ ገነዝከው እንዴ?" አለችኝ።

"ከነካሁት ይሞታል።"

"ካልነካኸውስ ይኖራል?"

ጨርቁን አነሳሁት። አዲስ ማሽን አስመጣን። መገልበጥ ከመጀመሬ በፊት፣ "ጌታ ሆይ፣ ካለህ፣ ይህን ዲስክ እስክጨርስ አቆይልኝ" አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ነው።

ቅዱሳን፣ እውነቱን ልናገር፤ አልቆየልኝም። አብዛኛው ከተገለበጠ በኋላ ቆመ። ዳግም አልተነሳም። ያልተሻገሩት የአርቦሬ መዝሙሮች ነበሩ፤ አባቴ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው። "እንግዲያው የለህም" ብዬ ተነሳሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አባቴ የሚያውቃት አንዲት የአርቦሬ እናት የቁልፍ ስልኳን ይዛ መጣች።

"ሽማግሌው ደህና ነው? መዝሙር ጨምርልኝ።"

"እማማ፣ የእናንተ መዝሙር ጠፋ። ማሽኑ ሞተ።"

ሳቀችብኝ። "ሁሉን አንድ በረት አስገባህ? እኛ ጋ እንዲህ የለም። ከብት ለወዳጅ ይሰጣል፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። ድርቅ እዚህ ሲገድል እዚያ ይተርፋል። አባትህ እኛ ጋ ሲኖር ይህን አየ። መዝሙሩን ለማን ለማን እንደሰጠ አታውቅም?"

ስልኳን ነካ አደረገች። የአባቴ ድምፅ ወጣ።

ሃሌሉያ! እኔ ዲስኩን አቆይልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ጌታ ግን ሳልለምነው መዝሙሩን በቆላው ሁሉ አስቀምጦት ነበር። ያውም በእኔው እጅ፣ እያጉረመረምኩ! ስሙ ይክበር!

አባቴ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ። በሩን ይዞ ቆመ፤ ከንፈሩ ከመዝሙሩ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። እዚያው ተንበርክኬ፣ "ጌታ ሆይ፣ አለህ። ተቀበለኝ" አልኩ። አባቴ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ድምፁ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጌታ ግን እኔን መልሶኛል፤ ይባረክ!

በዚያች ስልክ ያልነበሩ መዝሙሮች ከሌሎች ስልኮች እየመጡ ነው። አዲሱ ማሽን በደንብ ይሠራል፤ እሱም ያረጃል፤ ያኔ ግን ጨርቅ አላለብሰውም። እናንተም እንዳይጠፋባችሁ ፈርታችሁ የጨበጣችሁት ነገር ካለ ለጌታ ስጡት። እመኑት፣ ማስቀመጫ ያውቃል።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ኬብል ይዤ በሩ ጋ እቆማለሁ። የአባቴ መዝሙር ያላችሁ አካፍሉኝ፤ የሌላችሁ ውሰዱ። ዋጋው ስንት ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ እኔንስ ማን አስከፈለኝ?