በሰው ባጃጅ ላይ የተሞከረችው መርጫ

ባጃጄ በጭረት ላይ ጭረት ስትጨምር፣ ለእያንዳንዱ ጋራዥ መመላለሱ ሰለቸኝና አነስ ያለች የቀለም መርጫ ልገዛ ከመርሳ ወልድያ ሄድኩ። ቀለሙን በጠርሙስ ይዣለሁ፤ ያው የሁሉም ባጃጅ ሰማያዊ ነው።

ባለሱቁ ሁለት አወጣልኝ። ትልቋ ኮምፕሬሰር ትፈልጋለች። «አንተ አልፎ አልፎ ለምትነካካው በባትሪ የምትሠራው ትበቃሃለች፤ ዋጋዋም አይጎዳህም» አለኝ።

«ሳልሞክራት አልገዛም» አልኩት።

በር ላይ የቆመች ባጃጅ አሳየኝ። ጎኗ ላይ ረዘም ያለ ስስ ጭረት አለ። «እዚያ ላይ ሞክራት። የጎረቤቴ ናት፤ እንዲያውም ይመርቅሃል።»

ሞከርኳት። ጭረቱ ድራሹ ጠፋ። መርጫዋን እያገላበጥኩ ሳደንቅ ባለባጃጁ ከሽማግሌዎችና ፊቱን ካጠቆረ ሞተረኛ ጋር መጣ። ለካ ሞተረኛው ባጃጁን ጭሮበት ተጣልተው ኖሯል፤ ሽማግሌዎቹ የመጡት ጉዳቱን በዓይናቸው ሊያዩ ነው።

«ይኸው ይዩት፣ አባባ!» ብሎ ባለባጃጁ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ዞሮ ሌላውን ጎን አየ። ተመልሶ መጣ። ባለሱቁ ወደ ውስጥ ገብቶ ዕቃ መደርደር ጀመረ። እኔ መርጫዋን እንደያዝኩ የምገባበት ጠፋኝ።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ቀረብ ብለው ቦታውን ዳሰሱት። ጣታቸው ሰማያዊ ሆነ። ጣታቸውን አዩ፤ እጄ ላይ ያለችውን መርጫ አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«እኔ ጭረት አላየሁም፤ በሉ ተሳሳሙ» አሉ።