የአባቴ ቆዳ

እናቴን በምትሠራበት ቤተ ሙከራ «ሞግዚቷ» ይሏታል። ከሰው ቆዳ ተወስደው እንደ ፅንስ ሴል ለጋ የተደረጉ፣ ከዚያም የተፈለገውን አካል መሆን የሚችሉ ሴሎችን ትቀልባለች፤ እሑድ እንኳ አይቀርላትም። ጡረተኛው አባቴ ደግሞ እሑድ እሑድ ብቻውን ቁርስ መብላት አንገሽግሾታል።

«ከእኔ እነሱ ይበልጡብሻል!» ብሎ አንድ እሑድ ጮኸባት።

እጁን ይዛ እየጎተተች ወደ ቤተ ሙከራው ወሰደችውና ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰችው። ከሥሩ ባለው የመስታወት ሳህን ውስጥ አንዲት ሚጢጢ ነገር ትር ትር ትላለች።

«ምንድን ናት?»

«አምና ከክንድህ የሰጠኸን ቆዳ ናታ! መጀመሪያ ለጋ አደረግናት፤ አሁን የልብ ሴል ሆነችልህ።»

አባቴ እንደገና አጎንብሶ አያት።

በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ ጩኸቱ ቤቱን በሙሉ ቀሰቀሰ፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ተነሺ እንጂ! ልቤን ጦሙን ልታውዪው ነው?»