የእማማ ጤናዬ ጠበልና ቢጫው ጀሪካን

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ዘቢደር በመንገደኛው ሁሉ የታወቀችው በሽሮዋ ነው። ሊማሊሞን ለሚወርዱ ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች የፈላ ሽሮ በፌስታል ቋጥሮ ማቀበልን በከተማው የጀመርሁት እኔ ነኝ ትላለች። ሌሎቹ ባለ ምግብ ቤቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ደፍሮ የሚክዳት ግን አልተገኘም። ፌስታሉን በሁለት ጣቷ ከፈት ታደርግና ሽሮውን እንደተንተከተከ ትገለብጥበታለች፣ ከዚያ አፉን ጠምዘዝ አድርጋ ትቋጥረዋለች። ጠብታ አይወጣውም። በዚህ ትኮራለች፤ መኩራትም ይገባታል። የሊማሊሞን መታጠፊያ ሁሉ አልፎ ሳይፈስ ዛሪማ የሚደርስ ሽሮ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላውን ነገሯን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳባትም። ከክንዴ ጋር ከተጋቡ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ የለም። ክንዴ አይሱዙ የሚነዳ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በልጅ ነገር አንድ ቀን ክፉ ተናግሯት አያውቅም። ምነው በተናገረኝ የምትልበት ጊዜ አለ፤ ዝምታውን በምን እንደምትፈታው ይጨንቃታል። ጎንደር ድረስ ሄዳ ተመርምራለች። ሐኪሙ «ይህ ነው የሚባል ችግር አላየሁብሽም» ብሎ አሰናበታት፤ እሷም ደስ ይበላት ይክፋት ሳታውቀው ዳባትን በመኪናው መስኮት እያየች ተመለሰች። ችግር ቢገኝ እኮ መድኃኒት ይፈለግለት ነበር።

የቀራት ተስፋ ጠበሉ ነው። የክንዴ እናት እማማ ጤናዬ የሚኖሩት ጃናሞራ፣ ከደረስጌ ወዲህ ባለች መንደር ነው። በየወሩ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ፣ ከሰፈራቸው በታች ካለችው ምንጭ በቢጫ ጀሪካን ጠበል ይቀዳሉ። በጀርባቸው አዝለው መኪና መንገድ ያወጡትና ላገኙት ሾፌር «አደራ፣ ለምራቴ አድርስልኝ» ይላሉ። ባዶው ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለስላቸዋል። ጀሪካኑ ድሮ የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፤ በአመድ ታሽቶ ታጥቦ ለጠበል በቃ።

ዘቢደር ማለዳ በባዶ ሆዷ አንድ ጣሳ ትጠጣለች። የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት ውኃ ጥርስ ይነቅላል። እሷም መላ አበጀች። ጀሪካኑን ከምድጃው ጥግ፣ የሽሮው ድስት ከሚንተከተክበት አጠገብ አስቀመጠችው። ጠበል እሳት ላይ አይጣድም፣ ይህን ታውቃለች፤ እሳት ዳር ቢቀመጥ ግን ማን ምን ይለኛል አለች። ከሙቀቱ የተነሳ የጀሪካኑ አንድ ጎን ጎበጥ ብሏል። ጠበሉም ለብ ብሎ፣ የጀሪካኑን ጣዕም ይዞ ይወርድላታል። ያን ጣዕም የበረከት ጣዕም አድርጋ ነበር የያዘችው።

ዱብ ዕዳው የመጣው በጤና ጣቢያዋ ነርስ በሰብሌ በኩል ነው። ሰብሌ ምሳዋን ልትወስድ መጥታ፣ ዘቢደር ፌስታሉን ከፈት ስታደርግ ከቦርሳዋ የብረት ምሳ ዕቃ አወጣች።

«በዚህ አድርጊልኝ፣ እትዬ ዘቢደር።»

«ምነው፣ ፌስታሌ ፈሶብሽ ያውቃል?»

«ኧረ እሱስ አያውቅም። ትኩስ ነገር ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ኬሚካሉ ወደ ምግቡ ይወጣል ብለው ሥልጠና ላይ ነገሩን። አንዳንዱ ሆርሞን ያዛባል፣ የሴትን ማርገዝ ሊያውክ ይችላል እየተባለ ይጠናል።»

ሰብሌ ይህን ያለችው እንደ ዋዛ ነው፤ ለማን እየተናገረች እንደሆነ ትዝ ያላት ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው።  የዘቢደር ዓይን ወደ ምድጃው ጥግ ሄደ።

«እሳት ዳር የተቀመጠ ውኃስ?» አለች።

ሰብሌም ወደዚያው አየች፤ ጎኑ የጎበጠውን ጀሪካን አየችው። «ሙቀት ያባብሰዋል» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው እኔን የዘጋኝ እሱ ነዋ?»

«እንዲያ አላልሁም። ያንቺ ምክንያት ይህ ነው ብሎ የሚናገር ሰው የለም።»

«አይደለም በይኛ።»

«እሱንም ማለት አልችልም። እንዲያው ከእሳቱ አርቂው። ደግሞ ባለቤትሽም ይመርመር እንጂ፤ እሱ መቼ ታየ?»

ምሳዋን ይዛ ሄደች። ዘቢደር የፈለገችው አዎ ወይም አይደለም የሚል ቃል ነበር፤ ያገኘችው ከሁለቱም ያልሆነ ነገር ነው። ያን ቀን ሽሮው አረረባት። ቤቷን ዞር ዞር ብላ ስታይ ባልዲው ፕላስቲክ፣ ጆጉ ፕላስቲክ፣ የጨው ዕቃው ፕላስቲክ፣ እግሯ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። ማንን ከቤት አስወጥታ ማንን ታስቀር? ሽሮ በፌስታል ቋጥራ የሸኘቻቸው ሙሽሮች ሁሉ ፊታቸው ድቅን አለባት። ግን ደግሞ ከነዚያ መካከል ልጅ አዝለው የተመለሱም አሉ፤ በዓይኗ አይታለች። ይህን ስታስብ ይበልጥ ተምታታባት።

ለክንዴ ብትነግረው «ታዲያ ፕላስቲክ ያልሆነ ምን ቀረ?» ብሎ እንጀራውን ቆረሰ። ስለ ምርመራው ስታነሳበት ጎማ ላስቀይር ብሎ ወጣ። የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ጢማቸውን ይዘው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ልጄ፣ ጠበሉ የተባረከ ነው። ጀሪካኑን ግን እኔ አላውቀውም» አሏት። ሌላ ዕቃ ላዛውረው ብትል በቤት ያለው ጠርሙስ ሁሉ አረቄ የከረመበት ነው፤ ጠበል እንዴት እሱ ውስጥ ይገባል?

እንዲህ ሆና መጠጣቱን ተወችው። መድፋቱን ደግሞ አልደፈረችም፤ ጠበል መሬት አይደፋም። ጀሪካኑን እንደሞላ አልጋ ሥር ገፋችው። የሚቀጥለው በሌላ ጀሪካን ሲመጣም ገፋችው። ባዶ ጀሪካን አልመለስ ያላቸው እማማ ጤናዬ ከጎረቤት ተውሰው ላኩ፤ እሱም አልተመለሰም። ያን ጊዜ ራሳቸው መጡ።

«ጀሪካኔ ቀረብኝሳ ልጄ፣ ደኅና አይደለሽም ብዬ መጣሁ» አሉ ገና ከበሩ። ዘቢደር እግራቸውን ልታጥብ ውኃ ይዛ ስትመለስ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አልጋ ሥር እያዩ ነው። ሞልተው የተደረደሩትን ጀሪካኖች አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ዳምኗል።

«ተስፋ ቆረጥሽ? ልጄን ልትተይው ነው?»

«ኧረ ማርያምን፣ እማማ።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው? በብርዱ አዝዬ ያመጣሁት?»

ዘቢደር ሌላ ምክንያት ልትፈጥር አሰበች፤ አልሆነላትም። ነርሷ ያለችውን፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ኬሚካሉ፣ እሷም በግማሽ የገባትን ሁሉ እየተንተባተበች ነገረቻቸው። እማማ ጤናዬ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ስትጨርስ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ።

«እንግዲህ እኔ ነኛ ማኅፀንሽን የዘጋሁት» አሉ። «በገዛ ጀርባዬ አዝዬ።»

አይደሉም ማለት ነበረባት። ማንም ሰው በቦታዋ ቢሆን አይደሉም ይል ነበር። እሷ ግን ይህን ያህል ጊዜ ጭንቅላቷን ሲበላት የከረመው ነገር ነው ከአፏ የወጣው።

«አላውቅም፣ እማማ። ማንም አያውቅም።»

 በማግስቱ ማለዳ አሮጊቷ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አውጥተው፣ እግር የማይረግጠው ቦታ፣ አጥሩ ጥግ ካለችው ጽድ ሥር አፈሰሷቸው። ዘቢደር ላግዝዎት ብትል በእጃቸው ከለከሏት። ሁልጊዜ ሲሰናበቱ ሆዷ ላይ እጃቸውን አሳርፈው «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» ሳይሉ አይሄዱም ነበር። ያን ቀን ባዶዎቹን በገመድ አንጠልጥለው፣ ሳይመርቋት ወጡ። ዘቢደር ልጅ በማጣቷ ብዙ አልቅሳለች፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን አልቅሳ አታውቅም። ልጁም ምርቃቱም የለ፤ ሁለቱንም በአንድ ቃል ያጣች መሰላት። ቃሉ ደግሞ እውነት ነበር፤ ይህ ነው ይበልጥ ግራ ያጋባት።

ወሩ አልቆ የማርያም ቀን አለፈ፤ ምንም አልመጣም። ዘቢደር ጃናሞራ የሚመላለሰውን ሾፌር ሁሉ ስትጠይቅ ሰነበተች። በሚቀጥለው ወር ክንዴ ራሱ ወደዚያ ጭኖ ሄደ፤ ሲመለስ ከጋቢናው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ወረደ። ፈታችው። ቅል ነው፤ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ገና ያልጠቆረ አዲስ ቅል።

«እናቴ ከቆላ ሰው ልካ ነው ያስመጣችው» አለ ክንዴ። «ዘይትም ምንም ያልነካው ነው በላት ብላለች። ከዚህ የበለጠ መያዝ አልቻለም፣ ይቅር ትበለኝ ብላለች።» ቀጥሎም «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽም ብላለች። እኔን ደግሞ ካልተመረመርህ እንዳትመጣ ብላ ተቆጣችኝ። የፊታችን ሳምንት ጎንደር እሄዳለሁ» አለ። ክንዴ ይህን ያህል ሲናገር የሰማ ሰው አልነበረም።

ዘቢደር ልትከፍተው ቅሉን ወደ ብርሃን ዞር አደረገችው። እማማ ጤናዬ በመንገዱ እንዳይፈስባት ብለው አፉን በእንጨት ውታፍ ደፍነዋል፤ በውታፉ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ፌስታል ደርበው፣ ደጋግመው ጠምዝዘው፣ ጥብቅ አድርገው ቋጥረውታል። አቋጠሩ የራሷ የዘቢደር አቋጠር ነው፤ ምግብ ቤቷ ቁጭ ብለው ሲያዩ የለመዱት። ሳቋ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዋ መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ ክንዴም ሊለየው አልቻለም።

ቋጠሮውን በጥንቃቄ ፈታች። ማለዳ አልነበረም፣ ሆዷም ባዶ አልነበረም። አማተበችና ቀዝቃዛውን ጠበል ቆማ ጠጣችው። ከዚያ ፌስታሏን በመዳፏ ዘርግታ አለሰለሰቻት፤ ልትጥላት ግን እጇ እምቢ አላት።