በሙጫ የተጣበቀ ናስ

ጋሽ መስኮት እግር እንዳለው ሕዝብ ያወቀው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ከደረቱ በላይ እንጂ ከደረቱ በታች ያየው ተመልካች አልነበረም። በአውቶቡስ ጥገና ጋራዣችን የዕቃ ቤት ኃላፊ ነበር። ዕቃ ቤቱ በሽቦ ወንፊት የታጠረ ክፍል ሲሆን፣ ዕቃ የሚወጣባትና የሚገባባት አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረችው። ሰውዬው ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች መስኮት ውስጥ ቆመ፤ ስሙም ቀርቶ በመስኮቷ ተጠራ። እኔ ብረት በሚቆርጥ ማሽን የምሠራ የቶርኖ ሠራተኛ ነበርኩ። ማሽኔ ከመስኮቷ ፊት ለፊት በስድስት እርምጃ ርቀት ላይ ስለነበር፣ ፊቱን ከሚስቱ ይልቅ እኔ አይቼዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቁጥር የተቀረጸባቸው፣ ጫፋቸው የተበሳ አምስት ክብ ናሶች አሉት። የብሎን መፍቻ ቁልፍ ወይም ክሪክ ሲፈልግ አንዱን ናስ ይሰጣል። ጋሽ መስኮት ዕቃውን ከተሰቀለበት ሰሌዳ ያወርድና በዚያው ሚስማር ላይ ናሱን ይሰቅላል። ዕቃው ሲመለስ ናሱም ለባለቤቱ ይመለሳል። ሥራ ሲያበቃ ሰሌዳው ላይ አንድ ናስ እንኳ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ያ ሰው የነካው አውቶቡስ ከግቢ አይወጣም። አለቃ ቢቆጣ አይወጣም፤ ሹፌር ቢሳደብ አይወጣም።

ሥርዓቱን ያመጣው ራሱ ነው፤ ምክንያቱን የምናውቀው ግን የድሮዎቹ ብቻ ነን። ገና መካኒክ ሳለ አብሮት የሚሠራ ሰው አስራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ ከመሪው ዘንግ ሥር ረስቶ አውቶቡሱን አስወጣ። ከጋራዡ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ መሪው አልዞር አለ። ሹፌሩ ተረፈ። ረዳቱ አልተረፈም። ጋሽ መስኮት በሳምንቱ አውቶቡስ ከሥሩ ከሚጠገንበት ጉድጓድ ወጥቶ «ዕቃ ቤቱን ስጡኝ» አለ። ናሶቹን በቶርኖ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ረዳቱ አንድም ቀን ሲያነሳ አልሰማሁትም።

ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። በምሳ ሰዓት የመደርደሪያውን ጽሑፍ በእርሳስ ጫፍ እያመለከተ «ይሄ ምንድን ነው? ብሎን። ብ፣ ሎ፣ ን። አሁን አንተ በለኝ» ይለኝ ነበር። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሳነብ ከተሳሳትኩ ምንም አይናገርም፤ ቅንድቡን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ያ ቅንድብ በኋላ ስንቱን ቤት እንደሚያስቅ ማን ጠርጥሮ?

የቴሌቪዥን ሰዎቹ የመጡት አቅም ስላልነበራቸው ነው። «ጉድጓድ ቁጥር አራት» የሚባል አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ሊሠሩ አሰቡ፤ ጋራዥ የሚመስል ስቱዲዮ ለመሥራት ግን ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሥራ በማንገባበት ቀን የእኛን ጋራዥ ለመኑ። በመጀመሪያው ዕለት የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆኖ የሚጫወት አንድ መልከ መልካም ተዋናይ ይዘው መጡ። ልምምድ ላይ መካኒክ ሆኖ የሚጫወተው እየሮጠ መጥቶ «ቶሎ በል፣ ቁልፍ!» ሲለው፣ ተዋናዩ ከሰሌዳው ላይ አንስቶ ወረወረለት። ጋሽ መስኮት ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ያይ ነበር።

«ልጄ፣ ናሱስ?» አለ።

ዳይሬክተሩ ዞር ብሎ «ምን አሉኝ ጋሼ?» አለው።

«ናስ ሳይቀበል እንዴት ይሰጣል? ይሄ ልጅ ዕቃ ቤት ገብቶ ያውቃል?»

«ድራማ እኮ ነው።»

«ድራማው ድራማ ይሁን። ቁልፉ የእውነት ነው።»

ዳይሬክተሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንግዲያው እርስዎ ይግቡና ያሳዩን» አለው። ገባ። እንደገባም አምስት ዓመት ቆየ።

ብዙ ሰው ያ ድራማ ለምን እንዳሳቀው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ከስድስት እርምጃ ላይ አይቼዋለሁና። ደጅ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቀው አውቶቡስ ቆሟል። ቅጽል ስሙ ችኩሉ የተባለው መካኒክ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ተለውሶ ይመጣል። ናሱን የት እንዳደረገ ጠፍቶበታል። አንዱን ኪስ ይፈትሻል፣ ሌላውን ይፈትሻል፣ የሰው ኪስ ይፈትሻል። ይለምናል፣ ይምላል፣ ይሳደባል። ጋሽ መስኮት ያየዋል። ብቻ ያየዋል። በመጨረሻ ናሱ ከካልሲው ውስጥ ይገኝና ሚስማሩ ላይ ሲሰቀል «ቅጭል» ይላል። አገሩ ሁሉ የሚጠብቀው ያቺን ድምፅ ነበር። «ናስህስ?» የሚለውን ቃል በሳምንት አንዴ ቢናገር ነው፤ ቅንድቡን ብቻ አንስቶ ያለፈበትም ሳምንት አለ። ሳቁ የሚመጣው ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ነበር። ያም መቸኮሉ እውነት ነው፣ ይህም እምቢ ማለቱ እውነት ነው።

በአምስተኛው ዓመት ዳይሬክተሩ «ታሪኩ አልቋል፣ ሳንሰለች እንለያይ» ብሎ ተወው። ሰው ሲባል በቃኝ ማለት ያምርበታል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ግን የምትታለብ ላም አስሮ እንጂ ፈትቶ አያውቅም። ሽቶው ከቅባታችን ሽታ የበረታ አንድ አዲስ ፕሮዲውሰር መጥቶ መስኮቷ ላይ ክርኑን አስደገፈ።

«ጋሼ፣ ሕዝቡ የሚወደው እርስዎን ነው፤ ሌላው አጃቢ ነው። በስምዎ አዲስ ድራማ እንጀምራለን። አለቃ መስኮት!»

«የምን አለቃ?»

«የትልቅ መለዋወጫ መደብር አለቃ። ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለምንቀርጽ ግን እዚህ ሥራ መቆየት አይቻልም።»

«ክርንህን አንሳልኝ፣ ዕቃ የሚወጣበት ነው» አለው። ፕሮዲውሰሩ ይህንንም እንደ ቀልድ ቆጥሮ ሳቀ።

ሚስቱ አልወደደችውም። «አንተ ሰውዬ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም? አንተ ያለ መስኮቱ ማን ነህ?» አለችው። እሱም ከቤቱ በቀጥታ ወደ ማሽኔ መጣ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

«ሂድ» አልኩት። «ዕድል ሁለት ጊዜ አያንኳኳም። ደግሞም የልብህን የምትናገርበት ቦታ ታገኛለህ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላለውም።

ሥራ አስኪያጁ ቦታውን ለአንድ ዓመት እንደሚያቆይለት ቃል ገባ። በመጨረሻው ዕለት ጋሽ መስኮት ቁጥር የሌለው አንድ ናስ አስቆረጠኝና ሰሌዳው ዳር ባለ ባዶ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«ይሄ ደግሞ ምን የወጣበት ነው?» አለ አንዱ መካኒክ።

«እኔ የወጣሁበት። ራሴን ተውሼ ነው የምሄደው። ስመለስ አወርደዋለሁ።»

ሁላችንም ሳቅን።

ከወር በኋላ ለመጀመሪያው ቀረጻ ጋበዘኝ። የመደብሩ በር መስታወት፣ ወለሉም መስታወት የሚመስል ነበር። ጋሽ መስኮትን ቢጫ ሙሉ ልብስ አልብሰው መሐል ላይ አቁመውታል፤ እግሩን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ያነባብረዋል፣ አንዴ ይዘረጋዋል። መስኮት የለም። አንድ የመለዋወጫ ካርቶን ባነሳ እንደ ላባ ቀለለኝ፤ ባዶ ነው። ካርቶኖቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ከኋላው ግን የእኛ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሥራ አስኪያጃችን «ማስታወቂያ ይሆነናል» ብሎ ሰጥቷቸው ኖሯል። ቀይ ቀለም ቀብተውታል፤ ናሶቹንም ጭምር።

ቀረጻው ተጀመረ። አንዲት ደንበኛ ዕቃ ልትመልስ መጣች። ጋሽ መስኮት እንደ ልማዱ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ናሷን ሊያወርድ ሳበ። አልወርድ አለው። ደግሞ ሳበ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ሙጫ ነው ጋሼ» አለ የድምፅ ባለሙያው። «ሲቅጨለጨሉ ማይኩን ስለረበሹብን ሁሉንም አጣበቅናቸው።»

ጋሽ መስኮት ወደ እኔ ዞሮ ተመለከተኝ። ዳር ላይ ያለው፣ ቁጥር የሌለው የእሱ ናስም ቀይ ተቀብቶ ተጣብቋል።

«ከዚህ ላይ ሕዝቡ ይስቃል» አለ ፕሮዲውሰሩ። «ትንሽ ጊዜ ይስጡት፤ ሳቁን በኋላ እንጨምርበታለን።»

«ማነው የሚስቀው?»

«የተቀዳ ሳቅ አለን። በማሽን ነው።»

«እንግዲያው ማሽኑ ይጫወተዋ» አለ። እውነተኛ ሳቅ የሳቅነው በዚያች ብቻ ነበር፤ እሷን ደግሞ ካሜራው አልቀዳትም።

ድራማው በታየ ጊዜ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በአንድ ክፍል «ናስህስ?» የሚለውን አስራ አንድ ጊዜ ተናገረ። ለጸሐፊዋ ናስህስ፣ ለመንገደኛ ናስህስ፣ ለድመት ሳይቀር ናስህስ። ናስ የሚሰጥም የሚቀበልም የለም። የሚቸኩል የለም፤ ደጅ የሚጠብቅ ተሳፋሪ የለም። ማንም ምንም በማይፈልግበት ቤት ውስጥ እምቢ የሚል ሰው አያስቅም፤ ያሳዝናል። ልጆቼ ቀድመው ወደ ሌላ ጣቢያ ቀየሩት፤ እኔም አልከለከልኳቸውም።

በስድስተኛው ክፍል አለቃ መስኮት ለምን እንዲህ ጥብቅ እንደሆነ ተነገረ። በወጣትነቱ እጮኛውን አንድ ሌባ ወስዶበት ኖሯል። እሱን ያየሁ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታ በአገጯ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ።

«ይሄ የእጮኛ ነገር ከየት መጣ?» አልኩት።

«ደራሲው ጠየቀኝ። ለምንድን ነው እንዲህ የሆኑት አለኝ። አንተ የልብህን ትናገራለህ ብለኸኝ አልነበር? ነገርኩት። ስለ ረዳቱ ነገርኩት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ከባድ ነው፣ ለሳቅ አይሆንም አለኝ። ሌላ እንፈልጋለን አለኝ።»

ተነስቼ ወጣሁ።

«አለቃ መስኮት» ከአስራ ሦስት ክፍል አላለፈም። ስቱዲዮው በፈረሰ ዕለት ጋሽ መስኮት ካቻቪቴ ለምኖ የራሱን ናስ ከሰሌዳው ፈልቅቆ ወሰደ። ዓመቱ አልሞላም ነበርና በማግስቱ ጠዋት በሥራ ልብሱ ጋራዥ መጣ። ከማሽኔ ቀና ብዬ አየሁት። ገና በሩን ሳያልፍ ከጉድጓድ ቁጥር ሁለት አንዱ «ናስህስ?» ብሎ ጮኸ። ከሦስት ሌላው ተቀበለ። ከአራትም። በክፋት አልነበረም፤ የሚያውቁትን ሰው ሰላም ማለታቸው ነበር። ያ ቃል አንድ ጊዜ ጉልበት ያለውን መካኒክ ሁሉ ቀጥ ያደርግ ነበር።

የሽቦው ግድግዳ ተነስቷል። መስኮቷም አብራ ሄዳለች። ቁልፎቹ ጎማ ባላቸው መደርደሪያዎች ላይ ተዘርግተው ሁሉም እየመጣ ያነሳል። መነጽር ያደረገ አዲስ የዕቃ ቤት ኃላፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ እየተቻኮለ መጣ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! ቃላችንን አልረሳንም። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ይቆሙና በቴሌቪዥን እንደሚሉት ይሉልናል፤ ቢጫውን ልብስ አልጣሉትም አይደል?»

ጋሽ መስኮት አልፎት ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ቀይ ቀለሙ ያልለቀቀውን የራሱን ናስ አስቀመጠ።

«አስራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ» አለ።

ባለ መነጽሩ ፈገግ አለ። «ይውሰዱ ጋሼ፣ ምን ናስ ያስፈልጋል? እርስዎን የማያውቅ አለ እንዴ!»

«አለ» አለው። ናሱን አንስቶ ኪሱ ከተተና ቁልፉን ሳይነካ ወጣ።

ማሽኔን አጥፍቼ ተከተልኩት። በሩ ላይ ሳንደርስ ከጉድጓድ ቁጥር አራት የወጣ አውቶቡስ ከኋላችን መጣ። ጋሽ መስኮት መሐል መንገዱ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«የኔ ወንድም፣ ዕቃው ሁሉ ከሥሩ ተነስቷል? ያየልህ ሰው አለ?» አለው ጋሽ መስኮት።

ሹፌሩ ለአፍታ ግራ ገባው። ከዚያ ፊቱን ለየና መሪውን እየደበደበ ሳቀ።

«ናስህስ!» አለው። «ወይ ጋሽ መስኮት! አሁንም አልተውትም?»

አውቶቡሱ በጎኑ ታጥፎ አለፈው። ጋሽ መስኮት እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ቁልቁለቱ ከበሩ ጀምሮ ነው። አውቶቡሱ ባዶ ነበር፤ ሰው የሚጭነው ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ነው።